መኪናው ይችላል፤ ተሳፋሪውስ?

ነሐሴ ሲገባ ወደዚህ ዓምድ የሚላከው ደብዳቤ ሁሉ ጭቃ ጭቃ ይላል። ዘንድሮም እንደዚያው ነው። አብዛኞቹ ጥያቄዎች «የትም ይገባል» ስለሚባለው መኪና፣ በተለይም ሃርድቶፕ ስለምንለው ላንድክሩዘር ናቸው። ለአዲስ አንባቢ አስቀድሜ ልንገር፤ እኔ ሹፌር አይደለሁም፤ መሪም ጨብጬ አላውቅም። ደሴ ተወልጄ ያደግሁ፣ በነርስነት አገልግዬ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። የሥራ ዘመኔ የሚበልጠው ክፍል ያለፈው ግን ከበሽተኛ አልጋ አጠገብ ሳይሆን፣ የክትባት ሣጥን እግሬ ሥር አድርጌ በጋቢና ተቀምጬ፣ ከቦረና ሳይንት እስከ ራያ ቆቦ ስናጥ ነው። ስለ ሞተር የሚጠይቀኝን ወደ መካኒክ እሸኛለሁ። ስለ መቀመጥ ግን ከማንም ጋር እከራከራለሁ።

«እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? በቅርቡ ሥራ ተቀጥሬ በሚቀጥለው ሳምንት ከባልደረቦቼ ጋር ለመስክ ሥራ ወደ ደላንታ እንወጣለን። ሁሉም ‹ይህ መኪና የማይወጣው ዳገት የለም› እያሉ ያጽናኑኛል። የእኔ ጭንቀት ግን መኪናው አይደለም፤ ሆዴ ነው። ከደሴ ኮምቦልቻ ስወርድ እንኳ ሐረጎ ላይ ያስመልሰኛል። ሳልበላ ልሂድ? የት ልቀመጥ? ሰው ፊት እንዳላፍር ይርዱኝ።»
ሰ. አ.፣ ከደሴ

ልጄ፣ ሐረጎ ላይ ሆዱ ያልተገለበጠ የደሴ ልጅ ካለ ይምጣና ይመስክርብኝ። በዚያች አጭር መንገድ ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወረዳል፤ ያውም በኩርባ ላይ ኩርባ። ስለዚህ ማፈሩን እዚያው ደሴ ጥለሽው ሂጂ።

ጥፋቱ የሆድሽ አይደለም፤ ጆሮሽና ዓይንሽ ተጣልተው ነው። በውስጠኛው ጆሮ ሚዛናችንን የሚጠብቅ ክፍል አለ። መኪናው ሲዘነበል፣ ሲዞር፣ ሲነሣና ሲወድቅ እሱ ሁሉንም ያውቃል። ዓይንሽ ደግሞ ስልክሽን ወይም የፊት ወንበሩን ጀርባ እያየ «ምንም የተነቃነቀ ነገር የለም» ይላል። አንጎል ማንን ይመን? በመካከል ዕዳውን ሆድ ይከፍላል። ሹፌር የማያስመልሰው ለምን እንደሆነ አስበሽ ታውቂያለሽ? መሪውን የሚያዞረው ራሱ ስለሆነ ሰውነቱ ኩርባውን ቀድሞ ይጠብቀዋል። ያንኑ ሹፌር ከኋላ አስቀምጪውና ታያለሽ፤ ዕድሜውን ሙሉ ሲነዳ የኖረ ሰው ተሳፋሪ በሆነበት ቀን አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ሲያቃስት አይቻለሁ።

ስለዚህ ቦታሽ ጋቢና ነው። በእኛ አገር ደንብ ጋቢና የታላቅ ወይም የአለቃ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ደንቡንም እወደዋለሁ። ነገር ግን ከመነሣታችሁ በፊት፣ ሌላ ሰው ሳይሰማ፣ ለቡድን መሪሽ «መኪና አይስማማኝም» ብለሽ ንገሪው። ጨዋ ከሆነ በሩን ራሱ ይከፍትልሻል። ጨዋ ካልሆነም ለኮቱ ሲል ይከፍትልሻል። መኪናው መካከለኛ ረድፍ ካለው፣ በሁለቱ የፊት ወንበሮች መካከል መንገዱ የሚታይበት ቦታ ሁለተኛው ምርጫሽ ነው። ከኋላ ፊት ለፊት የሚተያዩትን አግዳሚ ወንበሮች ግን ለጠላቴም አልመኛቸው። ጎንሽን ይዘሽ ትጓዣለሽ፤ የኋላው ጎማ የገባበት ጉድጓድ ሁሉ አንቺን ያነሣሻል፤ የምታዪው ደግሞ ፊት ለፊትሽ የተቀመጠውን ሰው ፊት ብቻ ነው፤ የእሱም መልክ ካንቺ አይሻልም።

ከተቀመጥሽ በኋላ ሥራ አለሽ። ስልክሽን ቦርሳ ውስጥ ክተቺ። ጭንቅላትሽን መደገፊያው ላይ አስደግፊ። ዓይንሽን ከኮፈኑ በላይ አሻግረሽ መንገዱ ከሰማይ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ አኑሪ። ኩርባው ሳይደርስ በልብሽ «ወደ ግራ»፣ «አሁን ጉድጓድ» እያልሽ ከሹፌሩ እኩል ንጂ። የሚገርመው፣ ቶሎ ቶሎ ከሚያንቀጠቅጠው የጠጠር መንገድ ይልቅ ቀስ እያለ የሚያወዛውዘው የባሰ ያቅለሸልሻል። መኪናው በከባድ ማርሽ ከድንጋይ ወደ ድንጋይ ሲንፏቀቅ «አሁንስ ቀስ አለ፣ ዐረፍኩ» ብለሽ ስልክሽን እንዳታወጪ።

ሳትበዪ አትሂጂ። ባዶ ሆድ ከሞላ ሆድ እኩል ያስቸግራል። ጠዋት ደረቅ ዳቦና ቀለል ያለ ሻይ፣ በመንገድ ላይ ጥቂት ቆሎ፣ ውሃም በጉንጭ በጉንጭ። ጥብሱንና ወተቱን ስትመለሺ ትደርሺበታለሽ። ዝንጅብል የሚያኝኩ ሰዎች ይቀለናል ይላሉ፤ አይጎዳሽም። የጉዞ ማቅለሽለሽ ክኒን ከፋርማሲ ማግኘት ይቻላል፤ የሚጠቅመው ግን ከመነሣትሽ ግማሽ ሰዓት ወይም አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ ሲዋጥ ነው እንጂ ማስመለስ ከጀመረ በኋላ አይደለም። እንቅልፍ እንደሚያመጣ እወቂ። ነፍሰ ጡር ከሆንሽ ወይም ሌላ መድኃኒት የምትወስጂ ከሆነ ለፋርማሲስቱ ሳትነግሪ አትውሰጂው።

ሽታም አለ። የናፍጣ ጀሪካን ከኋላችን በሚጫንበት ጊዜ ዘመኑን ሙሉ ታሞ የማያውቀው ሰው ሁሉ ይታመም ነበር። ክዳኑ ጠብቆ ከውጭ ይታሰርልን በይ። በመስክ ጉዞ ላይ ብዙ ነገር ችያለሁ፤ ከናፍጣ ጋር ተዘግቶ መጓዝን ግን አልችልም፤ ማንም እንዲችለው አልመክርም።

ሁለት ፌስታል አንዱን ባንዱ ውስጥ ከተሽ፣ ቀዳዳ እንደሌለው ነፍተሽ አይተሽ፣ ኪስሽ ውስጥ ያዢ። ቦርሳ ውስጥ ያለ ፌስታል የሌለ ፌስታል ነው። ማዛጋት ሲደጋገምሽ፣ ምራቅሽ ሲበዛና ግንባርሽን ቀዝቃዛ ላብ ሲያጠምቅሽ ያኔውኑ «አቁምልኝ» በይ። ሹፌር መኪናውን ከማጠብ ይልቅ ማቆምን እንደሚመርጥ እኔ ዋስ ነኝ።

ደላንታ ሜዳው ላይ ስትወጡ ኩርባው ይቀንስልሻል፤ ዝናብ ካልመታው ማለቴ ነው። የደላንታዋን ከተማ ወገልጤናን ሰው ሁሉ በ2000 ዓ.ም. ገደማ በተገኘው ኦፓሏ ያውቃታል። እኔ ከዚያ በፊት የማውቃት በዋልካዋ ነው።

«በቅርቡ በትልቅ መኪና ተሳፍሬ ከደላንታ ወደ በሽሎ ስንወርድ ሹፌሩ መኪናውን አቆመና ከዋናው ካምቢዮ አጠገብ ያለችውን ትንሿን ጎተተ። ከዚያ በኋላ ሞተሩ ሲጮህ፣ እሱም ፍሬን ሳይረግጥ ሲወርድ ነፍሴ አልተረፈችልኝም። ፍሬኑ አልይዝ ብሎት ይሆን? ወይስ ናፍጣ መቆጠቡ ነው?»
መምህር ነኝ፣ ከተንታ

መምህር፣ ያ ሰው ሹፌር ነው። ስልክ ቁጥሩን ካገኙ ይያዙት።

ትንሿ ካምቢዮ የአራቱንም ጎማ ጉልበት ታበዛለች፣ ፍጥነታቸውንም ትቀንሳለች። በእነዚህ መኪኖች ላይ ጎማው በዚያው የሞተር ዙር ከተለመደው ሁለት እጥፍ ተኩል ያህል ቀስ ብሎ ይዞራል። ዳገት ላይ ይህ ጉልበት ነው። ቁልቁለት ላይ ደግሞ ልጓም ነው፤ መኪናው ሊንደረደር ሲል ሞተሩ ይይዘዋል። የሰሙት ጩኸት የዚያ ድምፅ ነው። ሹፌሩ ሙሉውን ቁልቁለት ፍሬን ላይ ቆሞ ቢወርድ ኖሮ የፍሬኑ ሸራ ይግልና መያዝ ያቅተዋል፤ ያኔ ፔዳሉን ቢረግጠው ቢረግጠው ዋጋ የለውም። ሽታውን አንድ ጊዜ ያሸተተ ሰው አይረሳውም፤ የሚቆጠቁጥ፣ አፍንጫ ላይ የሚቀር የቃጠሎ ሽታ ነው። በቁልቁለት ላይ ይህን ካሸተቱ «ትንሽ እንረፍ፣ ሽንት ቤት ፈልጌ ነው» ይበሉና ያስቁሙት። ፍሬኑ እስኪበርድ ግማሽ ሰዓት ቢያወሩ መንገዱ የትም አይሄድም።

የሚፈራው ጸጥታው ነው። ማርሹን ዜሮ አድርጎ፣ ሞተሩን ድምፅ አሳጥቶ፣ «ናፍጣ ቆጠብኩ» እያለ የሚወርድ ሰው ሲገጥምዎ ያኔ ይጸልዩ፤ ከጸሎቱ በፊት ግን ይናገሩ።

በነገራችን ላይ የወረዱበት አገር የአጼ ቴዎድሮስ መንገድ ነው። ሴባስቶፖልን፣ 7 ቶን ገደማ የሚመዝነውን መድፍ፣ በ1860 ዓ.ም. ከጋፋት እስከ መቅደላ በሰው ጉልበት ሲያስጎትቱ በደላንታ አልፈው በሽሎን ተሻግረዋል። ተከትሏቸው የመጣው የእንግሊዝ ጦርም ከባድ መድፎቹን በዝሆኖች ጭኖ ያንኑ ገደል ወርዷል። ዳገቱ ብቻ ይወራል እንጂ እኔ ሁልጊዜ የማስበው ቁልቁለቱን ነው፤ ያን ብረት ከበሽሎ አፋፍ ላይ ወደ ኋላ ይዞ ማውረድ ከመጎተት የሚያንስ ሥራ አይመስለኝም።

«እናቴ 74 ዓመታቸው ነው፤ ወገባቸውን ያማቸዋል። ለመስከረም 21 ግሸን ማርያምን ልሳለም ብለው ለምነውኛል። የአክስቴ ልጅ ሃርድቶፕ አለው፤ ‹በአውቶቡስ ከምትንገላታ እኔ አደላድዬ እወስዳታለሁ› ይላል። ጠንካራ መኪና ስለሆነ አይጎዳቸውም ብዬ ልመን?»
ም. ተ.፣ ከአዲስ አበባ

ልጄ፣ ለእናትህ ማሰብህ ይባርክህ። የአክስትህን ልጅም እግዜር ይስጠው። ጠንካራ ማለት ግን ምቹ ማለት አይደለም። ሃርድቶፕ ከኋላ የሚቆመው በባሌስትራ፣ ማለትም በተነባበሩ ተጣጣፊ ብረቶች ላይ ነው፤ ባሌስትራው የተሠራው ጭነት ለመሸከም ስለሆነ መኪናው ባዶ ሲሆን እንደ በቅሎ ይራገጣል። አስፋልት ባለበት ሁሉ ደህና አውቶቡስ ከእሱ ይሻላል። የጠጠሩና የድንጋዩ መንገድ ሲጀምር ነው የትልቁ መኪና ጥቅም የሚታየው፤ ያም ጥቅም መድረስ ነው እንጂ አለመናወጥ አይደለም።

አንድ ነገር በነርስነቴ አጥብቄ ልንገርህ። በዚህ ዕድሜ የብዙ እናቶች አጥንት ይሳሳል። የሚያሰጋኝ የቀን ሙሉ ንቅናቄው አይደለም፤ አንዷ ጉድጓድ ናት። ሹፌሩ ሳያያት በፍጥነት የገባባት አንዲት ጉድጓድ ከወንበር አንሥታ ስትመልሳቸው የሳሳ የጀርባ አጥንት ሊሰበር ይችላል። ስለዚህ አስቀድመህ ሐኪም ዘንድ ውሰዳቸው። «አጥንታቸው ሳስቷል» ከተባልክ በዚያ መንገድ አታንገላታቸው። ይሂዱ ከተባለ ደግሞ እንዲህ አድርግ።

ጋቢና ይቀመጡ። ከኋላ አግዳሚው ላይ ማንም «ጎን ለጎን እየተጫወትን እንሂድ» ቢል እሺ እንዳትል። ወፍራም ትራስ ከሥራቸው አታድርግ፤ ትራሱ ራሱ ያነጥራቸዋል፤ ከፍ ስለሚሉም ጭንቅላታቸው ወደ ጣሪያው ይቀርባል። ጋቢ ጠቅልለህ ከወገባቸው ጀርባ፣ ከቀበቷቸው ከፍ ብሎ፣ ክፍተቱን ሙላው። እግራቸው ወለሉን ካልነካ ከሥሩ የሚረግጡት ነገር አድርግላቸው፤ የተንጠለጠለ እግር ወገብን ይጎትታል። የመኪናው ቀበቶ በሆዳቸው ላይ ሳይሆን ዝቅ ብሎ በዳሌያቸው አጥንት ላይ ይለፍ።

እናቶች የሚጎዱት ብዙ ጊዜ መንገድ ላይ ሳይሆን በሩ ላይ ነው። የሃርድቶፕ ደረጃ ለአጭር ሰው ገደል ነው። በርጩማ ያዙ፤ ተራ የእንጨት በርጩማ። ሲወጡ በርጩማውን ረግጠው፣ መጀመሪያ በመቀመጫቸው ተቀምጠው፣ ከዚያ እግራቸውን አንድ ላይ አዙረው ያስገቡ። ሲወርዱ ፊታቸውን ወደ መኪናው አዙረው፣ መያዣውን ጨብጠው፣ ወደ ኋላ ይውረዱ። ሰው እጃቸውን ከመጎተት ይልቅ ክርናቸውን ከሥር ይደግፍ። በየሰዓቱ አውርደህ ጥቂት አራምዳቸው።

ቀኑን ግን እኔ ብሆን እለውጠዋለሁ። መስከረም 21 ጭቃው ገና አልደረቀም፤ የአገሩ መኪና ሁሉ በዚያ ጠባብ መንገድ ላይ ነው፤ ሕዝቡም መላወሻ የለውም። በየወሩ በ21ም ማርያም ናት። ጥር ላይ መንገዱ ደረቅ ነው፤ አስተርእዮም ትልቅ በዓል ነው፤ እናትህም ዐርፈው ይሳለማሉ። ይህን እኔ እንዳልኩ ንገራቸው፤ ልጅ ሲላቸው እምቢ ይላሉ።

«ባለፈው ሐምሌ ወደ ቆቦ ስንመጣ አንዱ ወንዝ ሞልቶ ጠበቀን። ሹፌሩ ‹ይህ መኪና ውሃ አይፈራም› ብሎ ገባ። ውሃው በሩን መታው፤ መኪናውም ወደ ጎን ተንሸራተተ፤ ግን ወጣን። ሌሎቹ አጨበጨቡለት። እኔ ዛሬም ሌሊት ያባንነኛል። ተሳፋሪ ሆኜ ‹አውርደኝ› ማለት እችል ነበር? ወይስ እኔው ነኝ ፈሪ?»
ሐ. መ.፣ ከቆቦ

ወንድሜ፣ ጭብጨባው ነው ያናደደኝ። እርስዎ ፈሪ አይደሉም፤ ከዚያ መኪና ውስጥ ሒሳብ የሠሩት እርስዎ ብቻ ነዎት።

መኪና ውሃ አይፈራም፤ እውነት ነው፤ ብረት ምን ይፈራል? ውሃም መኪና አይፈራም። 60 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው የሚሮጥ ውሃ ትልልቅ መኪኖችን ጭምር አንሥቶ ሊወስድ ይችላል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ውሃው ወለሉን ሲያገኘው መኪናው መንሳፈፍ ይጀምራል፤ ጎማዎቹ መሬቱን የሚረግጡበት ክብደት ይቀንሳል፤ ያኔ አራቱም ጎማ ቢጎትት የሚጎትትበት መሬት የለውም። «ወደ ጎን ተንሸራተተ» ያሉኝ ያ ነው። ከኮፈኑ ጎን ወደ ላይ የቆመው የአየር መሳቢያ ቱቦ ሞተሩ ውሃ እንዳይጠጣ ያደርጋል፤ መኪናውን አያከብደውም። ይህን ቱቦ አይተው «ይህማ ባሕር ያቋርጣል» የሚሉ ሰዎች አሉ። ባሕሩ ላይ ይሂዱ፤ ጎሊና ላይ ግን አብሬያቸው አልገባም።

እርስዎ የዚያ አገር ሰው ስለሆኑ ደራሽ ውሃን ለእርስዎ ማስተማሬ ድፍረት ይሆንብኛል፤ ለሌላው አንባቢ ልናገር። በሆርማት፣ በጎሊና፣ በአላ ውሃ ላይ ፀሐይ ፏ ብሎ ወንዙ ሊሞላ ይችላል፤ ዝናቡ የዘነበው በስተምዕራብ ባለው ደጋ ላይ ነውና። ከመግባት በፊት ሰማዩን ሳይሆን ተራራውን ማየት ነው። ውሃው ቀይ ሆኖ እንጨትና ገለባ ይዞ ከመጣ እየጨመረ ነው። ጆሮ ጠጋ ሲያደርጉት ከሥር ድንጋይ ከድንጋይ ሲጋጭ ከተሰማ ወለሉም እየሄደ ነው፤ ትናንት የተሻገሩበት መሻገሪያ ዛሬ ጉድጓድ ሊሆን ይችላል።

ብዙ ዘመን አብሬው የሠራሁት የወረኢሉ ሰው የሆነ ሹፌር ነበር፤ ወሬ የማይወድ። የሞላ ወንዝ ሲገጥመን ሞተሩን አጥፍቶ ይወርድና ጡጫ የሚያህል ድንጋይ ከውሃው ጠርዝ ላይ ያስቀምጣል። ከዚያ ጥላ ፈልጎ ቁጭ ነው። ድንጋዩ በውሃ ከተዋጠ ጫማውን ያወልቅና ይተኛል። ድንጋዩ ከውሃው ርቆ በደረቅ መሬት ላይ ሲታይ ይነሣና ለሌላ ድንጋይ ቦታ ይመርጣል። አንድ ቀን ጥድፊያ የለመደ አለቃ አብሮን ነበርና «ክትባቱ ይበላሻል!» ብሎ ጮኸበት። ሣጥኑን የከፈትኩለት እኔ ነኝ። በረዶው እንዳለ ነው፤ ቴርሞሜትሩም መሆን ባለበት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መካከል ነበር። ክትባቱ ከእኛ ይልቅ ታጋሽ ነው አልኩት። ደራሽ ውሃ እንደ አመጣጡ ሁሉ አካሄዱም ፈጣን ነው፤ ብዙውን ጊዜ በሰዓታት ውስጥ ይጎድላል።

አሁን ወደ ጥያቄዎ። አዎን፣ «አውርደኝ» ማለት ይችላሉ፤ ግን ጎማው ሳይርስ በፊት ነው። ውሃው መካከል ገብቶ ሹፌርን መጨቅጨቅ ከውሃው ይብሳል። አነጋገሩም ብልሃት ይጠይቃል። ሹፌርን ሰው ፊት «አትችልም» ካሉት እንደሚችል ሊያሳይዎ ይገባል፤ ያኔ እርስዎ ገፍተው አስገቡት ማለት ነው። ፍርሃቱን በራስዎ ላይ ያድርጉት። «እኔ ፈሪ ነኝ ወንድሜ፤ ልውረድና እዚህ ልቆይ፤ አንተ እንደ ፈቀድክ» ይበሉና በሩን ከፍተው ይውረዱ። አንድ ሰው ከወረደ ሌላውም ይወርዳል፤ ሁሉ ወርዶ ብቻውን የሚገባ ሹፌር ብዙ አላየሁም። እሱም በልቡ ሲፈራ የነበረ ከሆነ ለመቅረት ሰበብ አገኘ።

«ማጥ ሲይዘን ተሳፋሪዎች ምን እናግዝ? እኔ ሁልጊዜ ከኋላ ሆኜ እገፋለሁ።»
ወጣት አንባቢ፣ ከወግዲ

መግፋቱን ተወውና መጀመሪያ ውረድ። ዋናው እገዛ ክብደት መቀነስ ነው። የሚሽከረከር ጎማ ጀርባ መቆም ጭቃ መልበስ ብቻ መስሎህ ከሆነ ተሳስተሃል፤ ጎማው ድንጋይ ይወረውራል፤ መኪናውም ድንገት ወደ ኋላ ሊመለስ ይችላል። ከጎን ሁን።

የቆየ ሃርድቶፕ ከሆነ የፊት ጎማዎቹን እምብርት እይ። በመካከሉ በጣት የሚዞር መቆለፊያ ያለው አለ። እሱ ካልተቆለፈ ሹፌሩ ትንሿን ካምቢዮ ቢጎትት ባይጎትት የፊት ጎማ አይሠራም። ሹፌሩ በተቀመጠበት «ቆልፍልኝ» ካለህ በጎማው ፊት ተንበርከክ፤ ጭቃውን በአውራ ጣትህ ከጎድጓዱ ጥረግ፤ ቀስቱ መቆለፊያው ምልክት ላይ እስኪደርስ አዙር፤ ግማሽ ላይ እንዳታቆመው። ከዚያ ወደ ሌላው ጎማ ሂድ። አንዱን ቆልፈው ሌላውን ረስተው ሲያምጡ የሚውሉ ሰዎች አሉ።

ድንጋይና ቅጠል ከጎማው ፊት ስትደለድል ሞተሩ ሥራ ላይ እያለ እጅህን ወደ ጎማው አታስጠጋ፤ መጀመሪያ ሹፌሩ እግሩን ከፔዳሉ አንሥቶ እጁን በመስኮት ያሳይህ። ዳገት ላይ ከሆናችሁ አንድ ሰው ታኮ ይዞ ከጎን ይቁም። ሌላ መኪና በገመድ ሊጎትታችሁ ሲጀምር ደግሞ ከገመዱ ርዝመት የበለጠ ራቅ፤ ገመድ ሲበጠስ ሰው ይገድላል። በገመዱ ላይ ተራምዶ መሻገር የሚወድ ጎረምሳ በየማጡ አይጠፋም። ያን ጎረምሳ በጆሮው ይዘህ አውጣው።

ሹፌሩ ጎማው እየቆፈረ ሲሄድ ነዳጅ መርገጡን ካላቆመ ግን መኪናው ሆዱ ላይ ይቀመጣል፤ ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይኸው ነው። «እስቲ አንዴ አጥፋውና እንየው» የሚል አንድ ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው አንተ ሁን።

«ከመካነ ሰላም ወደ ደሴ በዘመድ መኪና ስንመጣ ሁለት ኩንታል ጤፍና የበርበሬ ማዳበሪያ እንጭናለን። ፖርቶ መጋላው ላይ ወይስ ውስጥ?»
የቤት እመቤት፣ ከመካነ ሰላም

ወይዘሮ፣ ከባድ ነገር ጣሪያ ላይ ሲወጣ መኪናው አናቱ ይከብደዋል፤ መንገዱ ወደ ገደሉ ባዘነበለበት ቦታ ሁሉ ያ ሁለት ኩንታል ወደ ገደሉ ይጎትታችኋል። የጉጉፍቱ ጉም ላይ መንገዱን አምስት ሜትር እንኳ ሳያዩ ይህን ማሰብ ደስ አይልም። ጤፉ ወለል ላይ፣ ከኋላው ጎማ ፊት፣ ከወንበሩ ጀርባ ተጠግቶ በገመድ ይታሰር፤ ያልታሰረ ኩንታል ፍሬን ሲያዝ ወደ ሰው ይመጣል። በርበሬው ቀላል ነው፤ ያውም መስኮት በተዘጋ መኪና ውስጥ ሁሉንም ያስነጥሳል። እሱ በሸራ ተሸፍኖ ፖርቶ መጋላው ላይ ይውጣ።